የአዚያጎ ፎርማጆና የሰባቱ ቀበሌዎች ታሪክ

በከተሞቻችን «ፎርማጆ» የሚባለው ምግብ ስሙም አሠራሩም ከኢጣልያ የመጣ መሆኑን የማያውቅ ጥቂት ነው። ባላገሩ አሬራውን አሙቆ የሚያወጣው አይብ ሌላ፣ ፎርማጆ ሌላ ስለ ሆነ፣ ቋንቋችን ሁለቱን ለይቶ ለመጥራት የባዕዱን ቃል እንዳለ ተቀብሎታል። ነገር ግን ይህ ቃል በኢጣልያ አገር የወል ስም ነው እንጂ የአንድ ነገር መጠሪያ አይደለም። በዚያ አገር ሸለቆው ሁሉና ተራራው ሁሉ የየራሱ ፎርማጆ አለው፤ ፎርማጆውም ብዙውን ጊዜ ስሙን ከቦታው ይወስዳል። ከነዚህ አንዱ ከላም ወተት የሚሠራው የአዚያጎ ፎርማጆ ነው። ስለዚሁ ልንጽፍ ያሰብነው ጣዕሙን ለማወደስ ብለን አይደለም። ግጦሹንና ደኑን በማኅበር ይዞ ራሱን በራሱ ያስተዳድር የነበረ አንድ የተራራ ሕዝብ ነጻነቱን እንዴት እንዳጣ፣ በጦርነት ከአገሩ እንዴት እንደ ተነቀለ፣ የእጁም ሥራ ከእርሱ ጋራ ተሰዶ እንዴት የሌላው ሰው ገንዘብ ጭምር እንደ ሆነ፣ የዚህ ምግብ ታሪክ ከብዙ የጦር ታሪክ ይልቅ ግልጥ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አዚያጎ በሰሜን ምሥራቅ ኢጣልያ፣ በቬኔቶ ክፍለ ሀገር፣ በቪቼንዛ አውራጃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1000 ሜትር ያህል ነው። ዙሪያዋ ሰፊ አምባ ሲሆን በምዕራብ የአስቲኮ፣ በምሥራቅ የብሬንታ ወንዝ ጥልቅ ገደል ቈርጠው ከቀረው አገር ለይተውታል። በደቡብ በኩል አምባው በድንገት ተቈርጦ ወደ ቬኔቶ ሜዳ ይወርዳል፤ በሰሜን ግን ከፍ እያለ ሄዶ ከ2000 ሜትር በላይ በሆኑ ተራሮች ይዘጋል። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ስለ ሆነ ዝናቡም የቀለጠው በረዶም ወደ ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል፤ እንዲህ ያለ ብዙ በረዶ የሚጥልበት አገር የላም መጠጫ ውሃ ሲያጣ ማየት የሚያስገርም ነው። ስለዚህ እረኞቹ ከጥንት ጀምረው በየግጦሹ ጕድጓድ እየቈፈሩ፣ ታቹን በጭቃ እየደለደሉ፣ ዝናቡን ለከብታቸው ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። ለእህል ብርዱ ይጸናል፤ ሣሩና ደኑ ግን ያማረ ነው። የአገሩ ሀብት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሕዝቡም በታሪኩ ከዙሪያው ሕዝብ የተለየ ነው። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከባቫሪያ በኩል የመጡ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ደኑን እየመነጠሩ በአምባው ላይ ሰፈሩ። ቺምብሪ ይባላሉ። ቋንቋቸው ከቀሩት ጀርመኖች ተለይቶ በኢጣልያውያን መካከል ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነገር ኖሯል፤ በ1602 የሃይማኖት መማሪያ መጽሐፍ እንኳ ታትሞበት ነበር። ዛሬ በአምባው ላይ ይህን ቋንቋ የሚናገሩት እጅግ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሰባቱ ቀበሌዎቻቸውም አዚያጎ፣ ኤኔጎ፣ ፎዛ፣ ጋሊዮ፣ ሉዚያና፣ ሮአናና ሮትዞ ይባላሉ። አምባው ራሱ እስከ ዛሬ የሚጠራው «የሰባቱ ቀበሌዎች አምባ» እየተባለ ነው።

እነዚህ ቀበሌዎች በ1310 በአንድ ማኅበር ተባበሩ፤ ማኅበራቸውም እስከ 1807 ድረስ፣ ማለት አምስት መቶ ዓመት ያህል ኖረ። ከ1400ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከቬኔዚያ ሪፑብሊክ በታች ሲሆኑ የጥንት ሥርዓታቸውን እንደ ያዙ ገቡ። ቬኔዚያ የባሕር መንግሥት ስለ ነበረች ለመርከቧ ግንድ ትፈልጋለች፤ በሰሜን በኩልም ጠረፍ የሚጠብቅላት ያስፈልጋታል። ስለዚህ ተራራውያኑ ግንዱን ሊያወርዱና ጠረፉን ሊጠብቁ፣ እርሷም በበኩሏ ግብሩን ልታቀልላቸውና የውስጥ አስተዳደራቸውን ልትተውላቸው ስምምነቱ ጸና። ግንዱ ይወርድበት የነበረው «ካላ ዴል ሳሶ» የተባለው የድንጋይ መንገድ ዛሬም አለ። 4444 ደረጃዎች አሉት፤ ከደረጃው ጐን በተሠራው ቦይ ግንዱን እያንሸራተቱ ወደ ብሬንታ ሸለቆ ያደርሱታል፤ ወንዙም ተቀብሎ ወደ ቬኔዚያ ይወስደዋል። ግጦሹና ደኑ የአንድ ጌታ ርስት ሳይሆን የቀበሌዎቹ የጋራ ሀብት ነበር። በዚያ ዘመን የአውሮጳ ገበሬ በብዙ ስፍራ በባለ ርስቱ ፈቃድ ሥር ይኖር እንደ ነበር ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ ቀላል ነገር ሆኖ አይታየንም።

በመጀመሪያ ጊዜ የአምባው ከብት በግ ነበር። ጠጕሩ ይሸጣል፤ ወተቱም ፎርማጆ ይሆናል። የዛሬው የላም ወተት ፎርማጆ በአገሬው አፍ «ፔጎሪን» ይባል የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቃሉ የበግ መሆኑን ያመለክታል። እንግዲህ በጉ እንዴት ለላም ስፍራውን ለቀቀ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በተራራው ላይ ሳይሆን በሜዳው ላይ መፈለግ አለበት። ክረምቱ በረዷማ ስለ ሆነ መንጋው በአምባው ላይ ሊከርም አይችልም። ስለዚህ ቬኔዚያ ለተራራ እረኞች በክረምት ወራት በቬኔቶ ሜዳ በሌላው ሰው እርሻ ላይ እንዲያግዱ መብት ሰጥታቸው ነበር፤ ይህም መብት «ፔንሲዮናቲኮ» ይባላል። የሜዳው ገበሬ ግን በእርሻው ላይ የሰው መንጋ ሲሰማራበት ዝም ብሎ አላየም፤ ከዓመት ዓመት ይከስሳል፣ ይሟገታል። የሜዳው እርሻ እየሰፋ በሄደ መጠን መብቱ እየጠበበ ሄደ፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም ጨርሶ ተሻረ። በሁለቱም ወገን እውነት ነበረ ብንል አናዳላም፤ ገበሬው ለዘሩ፣ እረኛውም ለበጉ ነበር የሚከራከረው። ክረምቱን የሚያሳልፍበት ሜዳ ያጣ በግ እየቀነሰ፣ በድርቆሽ በጋጥ ውስጥ ልትከርም የምትችለው ላም እየበዛች ሄደች። ላም ከ1500ዎቹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ስትገባ የቈየች ብትሆንም፣ ቦታውን ጨርሳ የያዘችው በዚህ ጊዜ ነው።

የላሟም ዓመት በሁለት የተከፈለ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ገደማ ሣሩ ሲደርስ ከብቱ ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ይወጣል፤ በመስከረም መጨረሻ ብርዱ ሲጀምር ይወርዳል። በላይኛው ግጦሽ ያለው የእረኞች ቤት «ማልጋ» ይባላል፤ ማደሪያው፣ የከብቱ መጠለያና ወተቱ የሚሠራበት ክፍል በአንድነት ማለት ነው። እንግዲህ ችግሩን እናስበው። ሣሩ ሞልቷል፣ ወተቱ ሞልቷል፤ ገበያው ግን ሩቅ ነው፣ መንገዱም ገደል ነው። ወተት ደግሞ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። የሦስት ወር ተኩል ወተት ሳይበላሽ ከተራራ ወርዶ ለክረምቱ ስንቅና ለገበያው ሸቀጥ ሊሆን የሚችለው ውሃው ወጥቶለት ሲጠነክር ብቻ ነው። ፎርማጆ የተራራ ሰው ወተቱን ወደ ታች የሚሸከምበት ዘዴ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እንግለጥ። የማታው ወተት በሰፋፊ ዕቃ ተደርጎ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ክፍል ያድራል። ሲነጋ ስልባቦቱ ይገፈፍና ለቅቤ ይቀመጣል፤ በቀረው ላይ የጧቱ ወተት ይጨመርበታል። ሁለቱ በአንድ የመዳብ ጎላ ውስጥ ሆነው በእሳት ለብ እስኪሉ ይሞቃሉ። ከዚያ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣው ማርጊያ ይገባበታል። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት ከአሬራ ይሠራል፤ ማርጊያ አያስፈልገውም፤ የሚበላውም በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። ይኸኛው ግን በማርጊያው ኀይል በግማሽ ሰዓት ያህል ረግቶ እንደ ጠላ ቂጣ ሊቈረጥ የሚችል ይሆናል። የረጋውን በመሣሪያ እየከታተፉ እስከ ሽምብራ ፍሬ ያሳንሱታል፤ በመቀጠልም ሙቀቱን ወደ 47 ዲግሪ ያህል ከፍ እያደረጉ ያማስሉታል። በዚህ ጊዜ አጓቱ ይለያል። ከሥር የተጠራቀመው በጨርቅ ተጠልሎ ይወጣና በክብ ቅርጽ ውስጥ ተደርጎ ይጠነፈፋል፤ ከዚያ ጨው ይቀበላል። አንዱ ክብ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል፤ ለአንዱ ኪሎ የሚፈሰው ወተት ከዐሥር ሊትር አያንስም።

ሥራው ግን በዚህ አያልቅም፤ እንዲያውም ዋናው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው ማለት እንችላለን። ክቡ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በየጊዜው ይገለበጣል፣ ይጠረጋል፣ ይታያል። ከአራት እስከ ስድስት ወር የቈየው «ሜዛኖ»፣ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ወር የቈየው «ቬኪዮ»፣ ማለት አሮጌው፣ ከዐሥራ አምስት ወር ያለፈው ደግሞ «ስትራቬኪዮ» ይባላል። እየቈየ በሄደ መጠን ይደርቃል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይበረታል። ይህ ዓይነቱ አዚያጎ በአጠቃላይ «ዳሌቮ» ተብሎ ይጠራል፤ ቃሉ የመጣው ልጅንና ከብትን ከማሳደግ ነው። ፎርማጆ ሠሪው ስለ ሥራው ሲናገር «ሠራሁት» ሳይሆን «አሳደግሁት» ማለቱ ነው። እኛ ይህን ስም ከማናቸውም የፎርማጆ ስም አብልጠን እንወደዋለን፤ የሥራውን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ብቻ ሊያወጣው የሚችል ስም ነውና።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1797 ቬኔዚያ በናፖሌዎን እጅ ስትወድቅ የሰባቱ ቀበሌዎች ጠባቂ አብራ ወደቀች፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1807 ማኅበሩ በትእዛዝ ተሻረ። ናፖሌዎን በያዘው አገር ሁሉ አንድ ሕግና አንድ አስተዳደር እንዲሆን ይፈልግ ስለ ነበረ በተራራ ላይ የቆመች ትንሽ ባለ መብት ማኅበር ልትተርፍ አልቻለችም። አገሩ ከዚያ ወደ ኦስትሪያ፣ በ1866 ደግሞ ወደ ኢጣልያ መንግሥት ተላለፈ። ይሁን እንጂ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። ማኅበሩ ሲፈርስ የጋራው ግጦሽና ደን ለባለጠጎች ተሽጦ አላለቀም፤ ለየቀበሌዎቹ ተከፋፈለ እንጂ። እስከ ዛሬም ድረስ አብዛኛዎቹ ማልጋዎች የቀበሌ ሀብት ናቸው፤ እረኛው ለተወሰኑ ዓመታት ይከራያቸዋል። ነጻ አስተዳደሩ ሞተ፤ መሬቱ ግን አልተበተነም። የኋላው ዘመን መከራ ሲመጣ ሕዝቡ ተመልሶ የሚይዘው ነገር ያገኘው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

በ1910 ከሜዳው ወደ አዚያጎ የሚወጣ በጥርስ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር ተከፈተ። ፎርማጆውና ግንዱ በቀላሉ መውረድ ጀመረ፤ እንግዶችም ለአየር ለውጥ ይወጡ ጀመር። የአምባው ሕዝብ ደኅና ዘመን መጣልን ብሎ ያሰበበት ጊዜ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ትሬንቶ ገና የኦስትሪያ ግዛት ስለ ነበረች የሁለቱ መንግሥታት ወሰን በአምባው ጫፍ ያልፍ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በየተራራው ራስ ላይ ምሽግ ሠርተው በየበኩላቸው ይጠባበቁ ነበር።

በ1915 ሜይ 24 ቀን ኢጣልያ ጦርነቱን ስትጀምር የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት ከተተኰሰባቸው ስፍራዎች አንዱ በአምባው ላይ ያለው የቬሬና ምሽግ ነበር። ያ ጥይት ከተተኰሰ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1916 ሜይ 15 ቀን፣ የኦስትሪያ ጦር ኢጣልያን ለመቅጣት ብሎ በትሬንቶ በኩል ታላቅ ማጥቃት ጀመረ። በዚያው ቀን ከሩቅ የሚተኰስ ትልቅ መድፍ አዚያጎን ይመታ ጀመር። ሕዝቡ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል፣ ያገኘውን ተሸክሞ፣ የቻለም ላሙን እየነዳ፣ በገደሉ መንገድ ወደ ቪቼንዛ ሜዳ ተንጋግቶ ወረደ። በወሩ መጨረሻ ኦስትሪያውያን ከተማዋን ያዙ፤ በዚያ ጊዜ ግን ከተማ የሚባል ነገር አልቀረም ነበር። በጁን መጀመሪያ የሩስያ ጦር በምሥራቅ በኩል በኦስትሪያ ላይ ስለ ተነሣባት ማጥቃቱ ቆመ፤ ኦስትሪያውያኑም ወደ ኋላ ጥቂት ሸሽተው በሰሜኑ ተራራ ላይ መሸጉ። ኢጣልያውያን ከወሩ መጨረሻ በፊት አዚያጎን መልሰው ሲይዙ ያገኙት ፍርስራሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል አምባው የጦር ሜዳ ሆኖ ቈየ። በ1917 ጁን ወር ከፍታው ከ2000 ሜትር የሚበልጠውን የኦርቲጋራን ተራራ ለመያዝ በተደረገው ውጊያ ብቻ ኢጣልያ በሞት፣ በቍስልና በምርኮ ከ25 ሺሕ ሰው በላይ ጐደለባት፤ ተራራው ግን በመጨረሻ ለኦስትሪያውያን ቀረ። በ1918 የኢንግሊዝና የፈረንሳይ ክፍለ ጦሮችም መጥተው ተሰልፈውበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ላም ያልወጣበት ግጦሽ በሽቦ፣ በቦይና በመድፍ ጥይት ተመሰቃቀለ፤ ማልጋዎቹም ፈረሱ ወይም ተቃጠሉ።

እኛ ኢትዮጵያውያን የኢጣልያን ወታደር ያወቅነው በዐድዋና ከ1936 እስከ 1941 በነበሩት የወረራ ዓመታት ስለ ሆነ፣ ስለ እርሱ መከራ ለማንበብ ልባችን ቶሎ ላይፈቅድ ይችላል። ነገር ግን ወደ አዚያጎ የተላከው ወታደር አብዛኛው ገበሬና እረኛ ነበር። ከእነርሱም መካከል የሳርዴኛ ደሴት እረኞች ብዙ የሚገኙበት የሳሳሪ ብርጌድ ነበር፤ የአንዱ ተራራ እረኛ የሌላውን ተራራ ግጦሽ ሊያርስ በመድፍ መጣ ማለት ነው። የብርጌዱ መኰንን የነበረው ኤሚልዮ ሉሱ በአምባው ላይ ያሳለፈውን አንድ ዓመት በመጽሐፍ ጽፎታል፤ መጽሐፉ በ1938 በፓሪስ የታተመው ሉሱ የፋሺስት መንግሥት ጠላት ሆኖ በስደት ይኖር ስለ ነበር ነው። ያው የፋሺስት መንግሥት በ1930ዎቹ ዓመታት ከ50 ሺሕ የሚበልጡ የኢጣልያና የኦስትሪያ ወታደሮች ዐፅም የተሰበሰበበትን ታላቅ የመታሰቢያ ሕንጻ ከአዚያጎ በላይ ባለው ኰረብታ ላይ አቆመ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ስማቸው ያልታወቀ ነው። በአንድ እጁ የአንዱን ጦርነት ዐፅም እየሰበሰበ በሌላው እጁ በ1935 አገራችንን ለመውረር ጦር ያሰልፍ ነበር።

አሁን ወደ ስደተኞቹ እንሂድ። ወደ ሜዳው የወረዱት ሰዎች ቤታቸውን አላወረዱም፤ ዕውቀታቸውን ግን አውርደዋል። በሜዳው ላይ ላምና ወተት ሞልቷል፤ የተራራው ሰው ደግሞ በወተት ከመሥራት ሌላ የሚያውቀው እጅግ አልነበረም። የአዚያጎ አሠራር በተራራው ግርጌ ባሉት አገሮችና በትሬንቶ በኩል ሥር የሰደደው በዚህ ስደት ምክንያት ነው። ጦርነቱ ብቻውን አደረገው ለማለት አንደፍርም፤ የባቡሩ፣ የመንገዱና የወተት ማኅበራቱ መስፋፋት ድርሻ እንደ ነበረው ግልጥ ነው። ሆኖም ሥራውን በጐዳናው እየተማሩ ቀስ ብለው ሳይሆን፣ ሠራተኛው በሙሉ በአንድ ሳምንት ከነሙያው የወረደው በጦርነቱ ነው።

በሜዳው የወተት ቤቶች የሥራው ጠባይ ተለወጠ። በዚያ ስልባቦቱ ሳይገፈፍ ሙሉው ወተት ይረጋል፤ የረጋውም በመጭመቂያ ተጨምቆ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለገበያ ይወጣል። ይህ «ፕሬሳቶ»፣ ማለት የተጨመቀው፣ ይባላል። ክቡ ከ11 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ ለመብላት የሚጠብቀው ጊዜ ቢያንስ 20 ቀን ነው። ለስላሳና ነጣ ያለ፣ የወተት ጣዕም ያልለቀቀው ነው። ልጆች የሚወዱት ይህን ነው፤ ነጋዴም ይወደዋል፤ ገንዘቡን ቶሎ ይመልስለታልና። ዛሬ በአዚያጎ ስም ከሚሸጠው አብዛኛው ይኸኛው ነው። እኛ በዚህ ላይ ነቀፌታ የለንም። ይሁንና ዐሥራ አምስት ወር ሙሉ በመደርደሪያ ላይ ሲገላበጥ የኖረውና በሃያ ቀን የወጣው በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ስሙን የሰጠው ተራራ ከሁለቱ ለየትኛው እንደሚመሰክር ለማወቅ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ጦርነቱ በ1918 ኖቬምበር 4 ቀን ሲያበቃ ሕዝቡ መመለስ ጀመረ። ቤት ስላልነበረ በእንጨት ሰፈር ውስጥ ተቀመጠ። ከብት የለም፣ ግጦሹ በጕድጓድ ተበሳስቷል፣ ያልፈነዳ ጥይትም በሣሩ ውስጥ ተቀብሯል። በዚህ ጊዜ ላም የሌለው ሰው ብረት ማገድ ጀመረ ብንል ቀልድ አይሆንም፤ በጦሩ ሜዳ የቀረውን ብረት፣ መዳብና እርሳስ እየለቀሙ መሸጥ የብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ሆነ። «ሬኩፔራንቲ»፣ ማለት ለቃሚዎች፣ ይሏቸዋል። ጥይቱን ሲከፍቱ ፈንድቶባቸው የሞቱትና እጃቸውን ያጡት ብዙዎች ናቸው። ይህን ኑሮ በ1970 ኤርማኖ ኦልሚ በሲኒማ አሳይቶታል፤ ጽሑፉን አብሮ ያዘጋጀው የአዚያጎ ተወላጅ ደራሲ ማሪዮ ሪጎኒ ስቴርን ነበር። ሪጎኒ ስቴርን የተወለደው በ1921፣ ከተማዋ ገና እየታነጸች ሳለች ነው፤ በ1978 ባሳተመው በአንድ ልብ ወለድ ታሪኩ ውስጥ ያለው ሽማግሌ እረኛ ሕዝቡ ሁሉ ሲሰደድ በጎቹን ትቼ አልሄድም ብሎ የቀረ ነው። ባቡሩም በ1958 ተዘጋ፤ ብዙ ወጣትም ሥራ ፍለጋ ወደ ፋብሪካ ከተሞችና ወደ ውጭ አገር ወጣ።

ስሙ በሜዳው ሁሉ ሲሰራጭ ባለ ስሙ ማን ነው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ኢጣልያ የፎርማጆ ስሞችን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው በ1954 ነው። አዚያጎ በዲሴምበር 1978 በፕሬዚዳንቱ ዐዋጅ የተጠበቀ ስም ሆነ፤ በተከታዩ ዓመት የሠሪዎቹ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1996 ደግሞ የአውሮጳ ኅብረት በመላው አባል አገሮች ስሙን አስጠበቀ። በሕጉ መሠረት አዚያጎ የሚባለው በቪቼንዛና በትሬንቶ አውራጃዎች በሙሉ፣ በፓዶቫና በትሬቪዞ አውራጃዎች ደግሞ በከፊል የሚሠራው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በ1916 አዚያጎን ያቃጠለው ጦር የተነሣው ከትሬንቶ ነበር፤ ዛሬ ትሬንቶ የአዚያጎ ስም ሕጋዊ ወራሽ ናት። ይህ የሆነው ማንም አስቦበት አይደለም፤ ወሰን ሲፈርስ ላምም ሰውም በሚሄዱበት መንገድ ሄደው ነው። በሕጉ ውስጥ ግን ለተራራው የቀረ ነገር አለ። ከ600 ሜትር ከፍታ በላይ ከሚገኝ ወተት በዚያው ከፍታ ላይ ተሠርቶ የቈየው «የተራራ ውጤት» የሚል ቃል እንዲጻፍበት ተፈቅዶለታል።

ከአውሮጳ ውጭ ሕጉ እንዲህ አልተከበረም። በአሜሪካ በተለይ በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር «አዚያጎ» የሚባል ፎርማጆ ይሠራል፤ በዚያ ያሉ ሠሪዎች ስሙ የአሠራር ስም እንጂ የቦታ ስም አይደለም ይላሉ። ከካናዳ ጋራ በ2017 ሥራ ላይ በዋለው የንግድ ውል ቀድሞ ሲጠሩበት የነበሩት እንዲቀጥሉ፣ አዲሶቹ ግን «የአዚያጎ ዓይነት» እያሉ እንዲጽፉ ተስማምተዋል። የአሜሪካኖቹን ክርክር ስንሰማ ትንሽ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ስሙ የቦታ አይደለም እንዳይባል ቦታው በካርታ ላይ አለ፤ የቦታው ብቻ ነው እንዳይባል ደግሞ ኢጣልያውያን ራሳቸው እስከ ሜዳው አውርደውታል።

በአምባው ላይ ዛሬም በዐሥሮች የሚቈጠሩ ማልጋዎች በየበጋው ይከፈታሉ። በኦክቶበር 2018 የተነሣው ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ደኑን በብዙ ስፍራ ጥሎታል፤ ግጦሹ ግን ተርፏል። የመድፍ ጥይት የቈፈረው ጕድጓድ ሣር ለብሶ እስከ አሁን ይታያል፤ ላሞቹም ዙሪያውን ይግጣሉ። የማልጋ ኑሮ ግን የሚከብድ ነው። ሠራተኛው ከጨለማ ጀምሮ ያልባል፣ እሳት ያነድዳል፣ ያማስላል፣ ይገለብጣል፤ ማታም መልሶ ያልባል። ከብት ያልወጣበትን ግጦሽ ቍጥቋጦ በጥቂት ዓመት ይወርሰዋል፣ ደኑም ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ሣሩን መመለስ ብዙ ድካም ነው። ስለዚህ የሰባቱ ቀበሌዎች ሹማምንት የአንድ ማልጋ ኪራይ ዘመን ሲያልቅ የሚያሳስባቸው የኪራዩ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በሚመጣው ሰኔ ከብቱን ይዞ የሚወጣ፣ ጎላውን የሚጥድ፣ መስከረም ሲያልቅም ያሳደገውን ይዞ የሚወርድ ሰው መገኘቱን ይጠይቃሉ።